ላይክና የመውጫ ፈተና

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ጀበና ቡና ቤት ተቀምጬ ሁለተኛውን ስኒ እየጠበቅሁ ሳለ፣ አጠገቤ የነበሩ ሁለት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ቡና የምታፈላዋን ልጅ «እህት፣ ቪዲዮው እስኪያምር ጀበናውን ከፍ አድርገሽ ያዥልን» ብለው አቆሟት። የእኔ ቡና በቲክቶክ ፈቃድ ካልሆነ አይቀዳም ማለት ነው! ቪዲዮው ከተለጠፈ በኋላ አንደኛዋ ስልኳን በየደቂቃው እያነሳች ማየት ጀመረች፤ ላይኩ አልበዛላትምና ፊቷ እንደ ጦሳ ተራራ ጉም ለበሰ። ይዘውት የመጡትን ደብተር የገለጠው የለም።

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚለውን ተረት ከልጅነቴ ጀምሮ እወደዋለሁ። የዛሬዋ የሰማይ ላም ተከታይ ትባላለች፤ የቀድሞው ባለላም ግን ቢያንስ የጎረቤቱን የሰማይ ላሞች ሲቆጥር አያድርም ነበር።

በእኛ ዘመን መታየት የሚወድ አልነበረም አልልም። ፎቶ ቤቱ ለደንበኛው ሁሉ የሚያውሰው አንድ ኮትና አንድ ክራባት ነበረው፤ የሰፈሩ ጎረምሳ ሁሉ በየተራ በዚያች ክራባት ጨዋ መስሏል። (ዓይኔን ጨፍኜ ያነሳኝን ፎቶ «ቁም ነገረኛ አስመስሎሃል» ብሎ ሙሉ ዋጋ የተቀበለኝን ፎቶ አንሺ እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩትም።) ፎቶውን የሚያየው ግን ቤት የመጣ እንግዳ ነበር፤ እናትም ብታወዳድረን ከጎረቤት ልጅ ጋር ነው። የዛሬው ተማሪ የዶርም አልጋውን ከዱባይ ሆቴል ጋር ሲያወዳድር አድሮ፣ ራሱን ንቆ ይነሳና ክፍል ውስጥ ያንቀላፋል።

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ሊዮን ፌስቲንገር እ.ኤ.አ. በ1954 እንደጻፈው፣ ሰው ችሎታውን የሚመዝንበት ተጨባጭ መለኪያ ሲያጣ ራሱን ከሌሎች ጋር ያወዳድራል። የምናደደው እዚህ ላይ ነው። የእኛ ተማሪ መለኪያ መቼ አጣ? ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና አለለት፤ ማለፊያውም 50 ከመቶ ነው። ይህን የመሰለ ሚዛን ፊት ለፊቱ ተቀምጦ፣ ስለ ራሱ ዋጋ የማያውቀውን ሰው አውራ ጣት ደጅ ይጠናል!

የቲክቶኩ ገጽ ቢያዩት እንዳያልቅ ሆኖ መሠራቱን አውቃለሁ፤ ጥፋቱ ሁሉ የተማሪው አይደለም። ስልክህን ዝጋ ብዬ እንዳልመክረው ደግሞ መምህሩ ሀንድአውቱን የሚልከው በቴሌግራም ነው፤ ምዕራፍ ሦስትን ሊያወርድ ይገባና፣ የማያውቃትን ሙሽራ ሠርግ ከነመልሱ ታድሞ ይወጣል።