እርማት፦ ሁለት ባትሪ በተከታታይ ሲገናኝ አምፔር-ሰዓቱ አይጨምርም

“ለሶላር ሁለት ባለ 12 ቮልት፣ 100 አምፔር-ሰዓት ባትሪ በተከታታይ ካገናኛችሁ 24 ቮልትና 200 አምፔር-ሰዓት ታገኛላችሁ” የሚለውን ብዙ ሰው እየተቀባበለው ነው። በተከታታይ ማለት የአንዱን ባትሪ ፕላስ ከሌላው ማይነስ ማገናኘት ነው። ቮልቱ ልክ ነው። አምፔር-ሰዓቱ (ባትሪው ስንት ከረንት ለስንት ሰዓት እንደሚሰጥ የሚለካው) ግን እዚያው 100 ላይ ይቆያል፤ በሁለቱም ባትሪ የሚያልፈው ያው አንድ ከረንት ነውና።

ማባዛት ብቻ ይበቃል። አንዱ ባትሪ 12 × 100፣ ማለትም 1,200 ዋት-ሰዓት (የኤሌክትሪክ ጉልበት መለኪያ) ይይዛል። ሁለቱ 2,400። 24 × 200 ግን 4,800 ይመጣል። ትርፉ ከየት መጣ? ፕላስን ከፕላስ፣ ማይነስን ከማይነስ ብታገናኙም 12 × 200፣ ያው 2,400 ነው።

ስህተቱ ገንዘብ ያስወጣል። በ4,800 አስቦ ፍሪጅ የጫነ ሰው ባትሪውን ጥርግ አድርጎ ይጨርሰዋል። ሊድ አሲድ (በእርሳስና በአሲድ የሚሠራ ባትሪ) ከሆነ ደግሞ እንዲህ ደጋግሞ ማራገፍ ዕድሜውን በጣም ያሳጥረዋል። እባካችሁ፣ ከመግዛታችሁ በፊት በዋት-ሰዓት አስሉ።