ማሪዮን ያስተኛው ሪሚክስ

የሱፐር ማሪዮ ሙዚቃ ሊያሰለች ይችላል? ይችላል ለካ! ሰሞኑን አንድ የሲንዝዌቭ (የ1980ዎቹን እ.ኤ.አ. የሲንተሳይዘር፣ ማለትም የኤሌክትሮኒክ ኪቦርድ፣ ድምፅ የሚኮርጅ የሙዚቃ ስልት) ሪሚክስ ሰምቼ እስካሁን ደሜ እንደፈላ ነው።

ኮጂ ኮንዶ በ1985 እ.ኤ.አ. ለወጣው ጌም ይህን ዜማ ሲሠራ በእጁ የነበረው ምንድን ነው? ሦስት የዜማ ድምፅ፣ ለከበሮ ደግሞ አንድ "ሽሽ" የሚል ነገር። በቃ። ግን ዜማው ይዘላል። ምቱ ከምትጠብቀው ቦታ ቀደም ብሎ ያርፋል፤ እግርህ አርፎ አይቀመጥም።

ሪሚክሱስ? መጀመሪያ የማያልቅ የሲንተሳይዘር መግቢያ። እሺ፣ ታገስኩ። ከዚያ ያ ዱም ዱም የሚል ከበሮ መጣና ያን ሁሉ ዝላይ ቀጥ አድርጎ አሰለፈው። የዜማውን መክፈቻ እስቲ አስቡት፤ ነፍሱ በኖታዎቹ መሃል ያለችው ዝምታ ናት። እሷኑ በማሚቶ ሞሏት! ፍጥነቱማ አይነሳ። ጌሙ ላይ ቀሪው ሰዓት ወርዶ 100 ሲደርስ ሙዚቃው ይፈጥናል፣ ልብ ይሰቅላል። እዚህ ግን ማሪዮ ቀብር የሚሄድ ነው የሚመስለው።

ሲንዝዌቭ ጠልቼ እንዳይመስላችሁ። የ80ዎቹን ሲንተሳይዘር እወዳለሁ፣ ያውም በጣም። የሚያናድደኝ ሽፋኑ ላይ ሐምራዊ ፀሐይና ዘንባባ ለጥፎ "ትዝታ" ማለት ነው። ደግሞ ከበሮው በመታ ቁጥር ሌላው ድምፅ ሁሉ ስምጥ እያለ የሚወጣው ነገር! ኧረ ራስ ያዞራል! ዜማው ራሱ እኮ አይሰማም።

ለማንኛውም ኦሪጅናሉን ከፍቼ ጆሮዬን እያጠብኩ ነው።