«ተንፈስ በል» ማለት ሕክምና አይደለም

ለተጨነቀ ሰው ቶሎ የሚሰጠው ምክር «አውጣው፣ ተንፈስ በል፣ ይቀልልሃል» ነው። ለጊዜው ይቀላል፣ አይካድም። ከዚህ ተነስተው የንግግር ሕክምናን «የሚከፈልበት ወሬ» የሚሉ አሉ። «በሽታ የመከላከል አቅምን ያሳድጋል» እያሉ እንደ ቫይታሚን የሚያስተዋውቁትም አይጠፉም። ሁለቱም ወገኖች የሚስቱት ያው አንድ ነገር ነው፤ ሰውነት የሚሰማው ወሬውን ሳይሆን በንግግሩ ውስጥ የተሠራውን ሥራ ነው።

አእምሮ አንድን ነገር «አደጋ ነው» ብሎ ሲፈርድ ሃይፖታላመስ የተባለው የአንጎል ክፍል ከሥሩ ላለው ፒቱታሪ እጢ መልእክት ይልካል። ፒቱታሪም ከኩላሊት በላይ የተቀመጡትን አድሬናል እጢዎች በደም በኩል ያዝዛል፤ እነሱ ኮርቲሶል የተባለውን የጭንቀት ሆርሞን ይለቃሉ። የልብ ምት በሰከንዶች ውስጥ ይፈጥናል። ኮርቲሶል ግን ዘገምተኛ ነው፤ ምራቅ ውስጥ ጣሪያ የሚነካው ጭንቀቱ ከጀመረ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ቆይቶ ነው። ለአጭር ጊዜ ሲመጣ የሰውነትን መቆጣት፣ ማለትም በሽታ ተከላካዩ ሥርዓት የሚያስነሳውን እብጠትና ትኩሳት፣ ያበርዳል። ለወራት ሲመላለስ ግን፣ ብዙ የለፈፈ ሰው ሰሚ እንደሚያጣ ሁሉ፣ ነጭ የደም ሕዋሳት ትእዛዙን መስማት ይተዋሉ። ኮርቲሶሉ አለ፣ መቆጣቱ አይበርድም። «አቅምን ማሳደግ» የሚለው አባባል የማይዋጥልኝም ለዚህ ነው፤ ብዙ ጊዜ ችግሩ የአቅም ማነስ ሳይሆን ያለቦታው መንደድ ነው።

ጉዳቱ በዓይን የሚታይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 በታተመ ጥናት፣ የመርሳት በሽታ ያለበትን ዘመድ የሚያስታምሙ ሴቶች ክንዳቸው ላይ 3.5 ሚሊሜትር ስፋት ያላት ትንሽ ቁስል ተደረገች። ቁስሏ ለመዳን የማስታመም ሸክም ከሌለባቸው ሴቶች 9 ቀን ያህል የበለጠ ወሰደባት።

ታዲያ ንግግር እዚህ ሰንሰለት ውስጥ የሚገባው የት ላይ ነው? በጀርመኑ ትሪየር ዩኒቨርሲቲ የተቀረጸው፣ እ.ኤ.አ. በ1993 የታተመው የጭንቀት ፈተና ጥሩ ማሳያ ነው። ተፈታኙ ፊታቸው በማይፈታ ገምጋሚዎች ፊት ቆሞ ለ5 ደቂቃ ስለ ራሱ ይናገራል። ቀጥሎ ለ5 ደቂቃ ከ1022 ላይ 13 እየቀነሰ ጮክ ብሎ ይቆጥራል፤ ከተሳሳተ እንደገና ከ1022 ይጀምራል። የነካው ሰው የለም፣ ያሯሯጠው አውሬም የለም፤ ኮርቲሶሉ ግን ሽቅብ ይወጣል። ያወጣው «ሊያዋርዱኝ ነው» የሚለው ፍርድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ ጥናት በ48 ጤነኛ ወንድ ተማሪዎች ላይ ይህንኑ ፈተና ተጠቀመ። ገሚሶቹ አስቀድመው በቡድን የኮግኒቲቭ ቢሄቪየራል ቴራፒ (አስተሳሰብንና ልማድን በመለወጥ ላይ ያተኮረ የንግግር ሕክምና) ሥልጠና ወሰዱ፤ እነዚህ ተማሪዎች ኮርቲሶላቸው ካልሠለጠኑት ያነሰ ወጣ። ልብ በሉ፣ የሕይወት ታሪካቸውን አልተረኩም። የተማሩት ሁኔታውን በሌላ ዓይን ማንበብና ሰውነትን ማዝናናት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ ግምገማ 56 የዘፈቀደ ምደባ ሙከራዎችን (ማን ሕክምናውን እንደሚያገኝ በዕጣ የሚለይባቸውን)፣ ከ4000 በላይ ተሳታፊዎችን አንድ ላይ መዘነ፤ የመዘነውም ሕክምናው በሽታ ተከላካዩ ሥርዓት ላይ የሚያመጣውን ለውጥ ነው። ከልዩ ልዩ የሥነ ልቦና ሕክምናዎች መካከል ጎላ ያለና የማይዋዥቅ ውጤት የታየው በዚሁ በኮግኒቲቭ ቢሄቪየራል ቴራፒ ነበር፤ ለውጡም ቢያንስ ለ6 ወር ዘለቀ።

ዝርግፍ ማድረግ ብቻውን ሊጎዳ መቻሉ ብዙ አይነገርም። ከአሰቃቂ አደጋ በኋላ ሰውን በአንድ ቀጠሮ ሁሉንም እንዲተርክ ማድረግ ሲሞከር የአሰቃቂ ገጠመኝ ሕመምን አልተከላከለም፤ በአንዳንድ ሙከራዎች እንዲያውም አባባሰ። በፍርሃት ተጀምሮ ፍርሃቱ ጫፍ ላይ እያለ የተቋረጠ ትረካ ማንቂያውን ቀስቅሶ ይተወዋል። ደረጃ በደረጃ ፍርሃትን የመጋፈጥ ሕክምናም ትረካ አለው፤ ነገር ግን በአብዛኛው ከ8 እስከ 15 ቀጠሮ ይፈጃል፣ እያንዳንዱም 90 ደቂቃ ያህል ነው። ታካሚው ያንኑ ትውስታ ፍርሃቱ እስኪቀንስ ይመላለስበታል፣ በቀጠሮዎች መካከልም የቤት ሥራ አለው። የቤት ሥራ የሌለበት፣ ግቡ ያልተነገረ፣ ለወራት ያንኑ ምሬት የሚያዳምጥ ቀጠሮ ካጋጠማችሁ «ምን እየሠራን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ።

ውጤቱን በአንድ የደም ምርመራ ለማሳየት የሚሞክርም አይታመን። ኮርቲሶል ከእንቅልፍ ከተነሱ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ድረስ ያድጋል፣ እኩለ ሌሊት አካባቢ ዝቅ ይላል፤ ሰዓቱ ያልተመዘገበ አንድ ቁጥር ምንም አይናገርም። መቆጣትን የሚያሳየው ሲ-ሪአክቲቭ ፕሮቲንም በሊትር ከ10 ሚሊግራም በላይ ሲሆን ከጭንቀት ይልቅ ኢንፌክሽን ወይም ጉዳት መፈለግ ይቀድማል።

ወሰኑም ይታወቅ። እ.ኤ.አ. በ1989 የታተመ ጥናት የቡድን የንግግር ሕክምና የተሰራጨ የጡት ካንሰር ያለባቸውን ሴቶች ዕድሜ አራዘመ ሲል ብዙ ተስፋ ተሰንቆ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2001 በ235 ሴቶች ላይ የተደረገ ሰፊ ሙከራ ግን ዕድሜ ላይ ልዩነት አላገኘም። ሕክምናውን ያገኙት ሴቶች ሕመማቸው ቀለለ፣ ጭንቀታቸውም ረገበ። የንግግር ሕክምና መድኃኒት ለማቆም ምክንያት አይሆንም፤ ወደ ቀጠሮው ለመሄድ ግን ይበቃል።