«አይደለም» ቢሉትም አይለቅም

ስለ ስድብ የጻፉ አንድ ጸሐፊ፣ የስድብ ቃል የሚያቆስለው ተናጋሪው ስለሚጠላ ነው ብለዋል። እኔ ግን አልተዋጠልኝም።

ደሴ፣ ሰኞ ገበያ ማጭድ ልገዛ ቆሜያለሁ። አንዲት እናት ማጭድ ሻጩን የፈራ ልጃቸውን፣ «ምን ያስፈራሃል? እሱ እኮ ቀጥቃጭ አይደለም፣ ነጋዴ ነው» አሉት። ደግ ሴት ናቸው፣ ጥላቻ አላየሁባቸውም። ሰውየው ግን የያዘውን ማጭድ አገላብጦ አየና ዝም ብሎ ጆንያው ላይ መለሰው።

«ነጋዴ አይደለም» ብል የካድኩት ንግዱን ብቻ ነው። «ቀጥቃጭ አይደለም» ሲባል ግን ንቀቱ አብሮ አይካድም። «ቀጥቃጭ ነው እንዴ?» ብለው ቢጠይቁም ያው ነው። ጥላቻው ተናጋሪው ልብ ውስጥ ብቻ ቢሆን የእናትየው ቃል ባልወጋ ነበር።

«ባለ እጅ» ብንለውስ? ሰውየው ያው ሰው፣ ሥራውም ያው። ጀርመናዊው ፈላስፋ ፍሬጌ እንዲህ ያለውን ልዩነት የቃል ቀለም ይለዋል። ቀለም ብቻ ከሆነ ግን ለምን ይህን ያህል ያማል? ፈላስፎቹ አንደርሰንና ሌፖር ደግሞ በ2013 እ.ኤ.አ. የስድብ ቃል የሚያስቀይመው ክልክል ስለሆነ ነው ብለው ጻፉ። እሱም ለእኛ አገር አይሆንም። አያቴ ቡና እያፈላች በሰው ፊት «ቀጥቃጭ» ትል ነበር፣ የከለከላትም የለም። ቃሉ ግን ያኔም ያቆስል ነበር።