ዓሣን መብላት በሎሚ ብልሃት

«ዓሣን መብላት በብልሃት» ያሉት አበው ብልሃቱ ሎሚ መሆኑን ሳያውቁ አለፉ። የዛሬው ባለብልሃት ግን ደርሶበታል። ዓሣው ሜርኩሪ የተባለ መርዛማ ብረት አለበት ሲሉት ሁለት ሎሚ ጨምቆበት ጉዳዩን ይዘጋል።

አመራረጡንም ሳናደንቅ አናልፍም። ሳርዲን ለድመት ነው ይላል። እሱ የሚወደው ሻርክ፣ ሰይፍ ዓሣና ትልልቁን ቱና ነው። ሜርኩሪም የሚወደው እነዚህኑ ነውና ሁለቱ ሳይቀጣጠሩ ይገናኛሉ። ውሃ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ሜርኩሪን ወደ ሜቲል ሜርኩሪ ይለውጡታል፤ ደቃቁ ተክል ይወስደዋል፤ ትንሹ ዓሣ ደቃቁን፣ ትልቁ ትንሹን እየበላ የሁሉም ድርሻ ብዙ ዓመት በኖረው አዳኝ ሥጋ ውስጥ ይከማቻል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በለካው አማካይ፣ አንድ ኪሎ ሰይፍ ዓሣ 1 ሚሊግራም ገደማ ሜርኩሪ ሲይዝ፣ አንድ ኪሎ ሳርዲን የሚይዘው 0.013 ሚሊግራም ነው። ከ70 እጥፍ በላይ! ሳርዲኑን ንቆ ለዚህ ልዩነት ገንዘብ የሚጨምር ሰው በእውነት ቆራጥ ነው።

ቅልጥፍናውስ? የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ አይጎዳም ብሎ ያስቀመጠው የሜቲል ሜርኩሪ መጠን በቀን ለአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት 0.1 ማይክሮግራም (ማይክሮግራም የሚሊግራም አንድ ሺኛ ነው) ነው፤ 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው በሳምንት 42 ማይክሮግራም ይሆናል። 200 ግራም ሰይፍ ዓሣ ደግሞ ወደ 200 ማይክሮግራም ይይዛል። የአምስት ሳምንት ኮታ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ሥራ በአንድ ራት ተጠናቀቀ ማለት ነው። ከገባው ውስጥ ግማሹ እስኪወጣ 50 ቀን ያህል ስለሚፈጅ፣ ሳምንታዊው ራት ቀዳሚው ሳይወጣ ይደረብበታል።

ወደ ሎሚው እንመለስ። ሜቲል ሜርኩሪ የሚጣበቀው በራሱ በሥጋው ፕሮቲን፣ ድኝ ባለው ሲስቴይን በተባለው አሚኖ አሲድ ላይ ነው። ሎሚ ይህን አይፈታም። የዓሣን ሽታ ግን ያጠፋል፤ ሽታው የሚመጣው አሚን ከተባሉ ኬሚካሎች ስለሆነ አሲዱ ያፍናቸዋል። ባለብልሃቱ በአፍንጫው ስለሚመረምር ሽታው ሲጠፋ መርዙም ወጣ ብሎ ይፈርማል። ቆዳውንና ስቡን ይገፋል፤ ይህ ስብ ውስጥ ለሚሸሸጉ እንደ ፒሲቢ ላሉ ኬሚካሎች ይረዳል እንጂ ሜርኩሪን አይነካም። «ዓሣ ግማቱ ከአናቱ» ብሎም ጭንቅላቱን ይቆርጣል። ከዚያ ይጠብሰዋል፤ ውሃው ይተናል፣ ሜርኩሪው ይቀራል፣ በየግራሙ ያለው መጠን ከፍ ይላል።

መቁረጥ በእርግጥ የሚጠቅምበት ቦታ አለ፤ እሱም ሸርጣን ነው። ካድሚየም የተባለው ሌላ መርዛማ ብረት በብዛት የሚገኘው ነጩ ሥጋ ውስጥ ሳይሆን ቅርፊቱ ሥር ባለው ቡናማ ለስላሳ ክፍል ነው። ያንን አውጥቶ መጣልና የተቀቀለበትን ውሃ መድፋት ብዙውን ያስቀራል። ባለብልሃታችን እዚህ ላይ ቢላውን አስቀምጦ ቡናማውን በማንኪያ ይልሳል፣ መረቁንም ይጠጣል። ኩላሊት የገባ ካድሚየም ግማሹ እስኪወጣ ከ10 እስከ 30 ዓመት ይፈጃል።

ይህ ሁሉ ድካም ለልብ ጤና ነው፤ ኦሜጋ 3 የተባለው የዓሣ ስብ ፍለጋ። ኦሜጋ 3 በሚናቀው ሳርዲንና በሳልሞን ሞልቷል። ሜርኩሪ በበኩሉ ሴሌኒየም የተባለውን ለሰውነት አስፈላጊ ማዕድን አስሮ ከኦክሲጅን ጉዳት የሚከላከሉ ኢንዛይሞችን ያዳክማል። ማስረጃው ያወዛግባል፦ እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ በአውሮፓና በእስራኤል ወንዶች ላይ የተሠራ ጥናት ሜርኩሪን ከድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ) ጋር አያያዘ፤ በ2011 የታተመ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት ግንኙነት አላገኘም። ባለብልሃቱ ያነበበው ሁለተኛውን ብቻ ነው። የአሜሪካ የልብ ማኅበር በ2023 እርሳስን፣ ካድሚየምንና አርሴኒክን ለልብና ለደም ሥር በሽታ አጋላጭ ብሎ ሲያስጠነቅቅም አልሰማም፤ ሲጋራውን እየለኮሰ ነበር። (የሲጋራ ጭስ ራሱ የካድሚየም ምንጭ ነው፤ ሎሚ ግን አይጨመቅበትም።)

በመጨረሻ ይመረመራል። በሽንቱ ያለው ጠቅላላ አርሴኒክ ጣሪያ ይነካል፤ ዓሣና ሽሪምፕ በብዛት የሚይዙት አርሴኖቤታይን የተባለው ብዙም ጉዳት የሌለው ዓይነት በጠቅላላው ውስጥ አብሮ ስለሚቆጠር። ለዚህ ነው ከምርመራ በፊት ለጥቂት ቀናት የባሕር ምግብ አይብሉ የሚባለው። «በልተዋል?» ሲሉት ባለብልሃቱ ቅር ይለዋል። «ሎሚ አድርጌበታለሁ እኮ!»