ክርስቲን ፍሬድሪክ የማን ጠበቃ ነበረች?

በሃያኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ስለ ቤት አያያዝ ትጽፍና ታስተምር በነበረችው በአሜሪካዊቷ ክርስቲን ፍሬድሪክ ጉዳይ የተከራከሩት ሁለት የማውቃቸው ሴቶች ናቸው፤ አንደኛዋ በማስታወቂያ ሥራ የምትተዳደር ወጣት፣ ሌላዋ ጡረታ የወጡ የባልትና መምህርት።

ወጣቷ የተነሣችው ከማኅበሩ ነው። «የኒውዮርክ የማስታወቂያ ባለሙያዎች ማኅበር ሴት አልቀበልም ሲል፣ ክርስቲን ከባለቤቷ ጋር ሆና እ.ኤ.አ. በ1912 የማስታወቂያ ሴቶችን ማኅበር መሠረተች። የከተማዋ ሴቶች የመምረጥ መብት ያገኙት እንኳ ከዚያ በኋላ በ1917 ነው። እርሷ ፈር ቀዳጅ ካልተባለች ማን ሊባል ነው?» አለች።

መምህርቷ ግን አልተዋጠላቸውም። «ልጄ፣ ማኅበሩን ማን ነቀፈ? ክርስቲን በሎንግ አይላንድ በሚገኘው ቤቷ የሙከራ ማድቤት አቋቁማ፣ አሜሪካዊው መሐንዲስ ቴይለር ለፋብሪካ ያወጣውን የሥራ ቅልጥፍና ዘዴ ለቤት ሥራ አዋለችው። የዕቃ ማጠቢያው ከፍታ ከሴቲቱ ቁመት ጋር ካልተመጣጠነ ወገብ እንደሚጎዳ፣ ምድጃና መደርደሪያ ከተራራቁ ጉልበት በከንቱ እንደሚባክን አስተማረች፤ እኔም ስንት ዓመት ያስተማርኩት ይህንኑ ነው። በ1929 ባሳተመችው መጽሐፍ ግን ፊቷን ወደ አምራቾች አዙራ፣ ሴቶች ገና ያላረጀ ዕቃቸውን ትተው አዲስ መግዛታቸው ደግ ነገር መሆኑን ሰበከች» አሉ። ሴት ቦታዋ ቤት ነው እያለች እርሷ ለንግግር ከከተማ ከተማ መዞሯንም አከሉበት፤ ይህ ክስ እንኳ ብዙ የሚያስኬድ አልመሰለኝም።

«እርስዎ እንዳሉት ይሁን» አለች ወጣቷ፤ «ነገር ግን የገዢዋን ፍላጎት የምናውቅ እኛ ነን ባይሉ ኖሮ፣ እነዚያን የማስታወቂያ ሴቶች ማን ይቀጥራቸው ነበር?»

ለእኔ ጉዳዩ ያለው እዚሁ ጥያቄ ውስጥ ነው። ሴቶቹ ወደ ሙያው የገቡት በቤት እመቤቷ ስም ነው፤ ደመወዛቸውን የሚከፍለው ግን ሻጩ ነበር። መምህርቷ፣ ክርስቲን ፊቷን ወደ አምራቾች ያዞረችው በ1929 ነው ማለታቸው ላይ ግን አልስማማም፤ ክርስቲን ገና በ1910ዎቹ በአሜሪካ ምክር ቤት ፊት ቀርባ፣ ቸርቻሪው ቀንሶ እንዳይሸጥ አምራቾች የዕቃቸውን የችርቻሮ ዋጋ ራሳቸው እንዲወስኑ የሚፈቅደውን የሕግ ሐሳብ ደግፋ ተናግራለች፤ የተናገረችውም እንደ ቤት እመቤት ሆና ነበር። ስለዚህ በማስታወቂያ ሙያ ፈር ቀዳጅነቷን ለወጣቷ ፈርጄላታለሁ፤ የገዢዎች ጠበቃ ነበረች የሚለውን ግን ከዚያ ምስክርነት በኋላ መቀበል ይከብደኛል።