የስንብት ደብዳቤ ለክቡር ስሮትል ቦዲ

ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር በመዝጊያቸው ለሚመጥኑት ለክቡር ኤሌክትሮኒክ ስሮትል ቦዲ
ከአየር ቱቦው ማዶ፣ ከሞተሩ ደጃፍ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ከኃላፊነት መነሳትዎን ይመለከታል

ቀድሞ በእግራችንና በሞተሩ መካከል አንድ ካቦ፣ ማለትም የሽቦ ገመድ፣ ብቻ ነበር። ስንረግጥ ይስባል፤ ስንለቅ ይለቃል። አማካሪም ጸሐፊም አልነበረውም። እርስዎ ከተሾሙ ወዲህ ግን እግራችን ማመልከቻ አስገቢ ሆነ፦ የፔዳሉ ሴንሰር ጥያቄውን ይመዘግባል፣ የመኪናው ኮምፒውተር ይመረምራል፣ የእርስዎ ትንሽ ሞተር ደግሞ የተፈቀደልንን ያህል አየር ከፍታ ትሰጠናለች። መኪናው ሲንሸራተት የሞተሩን ጉልበት ስለሚቀንሱልን እናመሰግናለን፤ ውለታ አንክድም።

ግን ያ ጥላሸት! ከሞተሩ ሆድ የሚወጣው የዘይት ትነት በመዝጊያዎ ጠርዝ ላይ ይጋገራል፤ ከዚያ ቆም ባልን ቁጥር ሚኒሞው (ፔዳል ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበት ዝቅተኛ ፍጥነት) ይዋዥቃል፣ መኪናው ይንቀጠቀጣል፣ ሲብስም ይጠፋል። ልናጸዳዎት ስንመጣ ደግሞ ክብርዎ አይነካም፦ ቁልፉ ተከፍቶ ሳለ ጣት ያስገባ ሰው ጣቱን ሊያጣ ይችላል፤ መዝጊያውን በጉልበት የገፋም የፕላስቲክ ጥርሶችዎን ይሰብራል።

ከሁሉ የሚያስገርሙን ሁለቱ ምስክሮችዎ ናቸው። መዝጊያው ምን ያህል እንደተከፈተ የሚናገሩ፣ አንዱ ሌላውን እንዲጠብቅ የተቀመጡ ሁለት ሴንሰሮች! በብዙ መኪና የአንዱ ቮልት ሲጨምር የሌላው ይቀንሳል። ቃላቸው ያልተጣጣመ ዕለት ኮምፒውተሩ ፒ2135 በሚል የብልሽት ኮድ ክስ መሥርቶ ጉልበታችንን ይነጥቀናል። ዳገት መሀል ነን፤ ከኋላችን የጭነት መኪና ጥሩንባውን ይነፋል፤ ፔዳሉን ወለል ድረስ ረግጠናል፤ መኪናው እንደ ቀብር አጀብ ያዘግማል። «ለደህንነታችሁ ነው» ይሉናል። እሺ።

የሌላውን ጥፋት በእርስዎ ላይ ላለመጫን ሶኬቱንና ሽቦውን አስቀድመን መርምረናል፤ ንጹሐን ናቸው። ስለዚህ የባትሪው ኔጋቲቭ ተነቅሎ፣ ቱቦው ተነስቶ፣ ቡሎኖችዎ ተፈትተው ወንበሩን ይልቀቁ። አሮጌው ጓርኒሲዮን፣ ማለትም በእርስዎና በሞተሩ መካከል ያለው ማሸጊያ፣ አብሮዎት ይሰናበታል። እንደ አንዳንድ ባልደረቦችዎ የማቀዝቀዣ ውሃ ቱቦ ታቅፈው ከተገኙም ሞተሩ እስኪበርድ እንታገሳለን፤ ጨካኞች አይደለንም።

ተተኪዎ ግን ገና ከካርቶኑ ሳይወጣ ጠባይዎን ወርሷል። ቡሎኑን አጥብቀን ስንጨርስ ወዲያው ሥራ ይጀምራል ያለ ተሞኝቷል። ኮምፒውተሩ የመዝጊያውን መነሻና መድረሻ እስኪማር፣ በአንዱ መኪና ቁልፍ ከፍተን ሞተሩን ሳናስነሳ፣ በሌላው የምርመራ መሣሪያ ሰክተን ደጅ እንጠናለን። ይህን የዘለለ ሰው አዲሱን ዕቃ ገጥሞ የአሮጌውን ሚኒሞ ሊያገኝ ይችላል። ለማንኛውም ሹመት ያዳብር ብለነዋል።

ግልባጭ፦
ለኮምፒውተሩ፦ የክስ መዝገቡን እንዲሰርዝ
ለሁለቱ ሴንሰሮች፦ ተያይዘው የተሾሙ ስለሆነ ተያይዘው እንዲሸኙ
ለዘይት ትነቱ፦ አዲሱን ሹም ለመጎብኘት እንዳይቸኩል